ኖራ፦ የይፋት የድንጋይ ከተማ
የመካከለኛው ዘመን ፍርስራሽ፤ ድንጋይ። ይፋት፣ ሰሜን ሸዋ።

ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ በሚታየው ተራራና በአዋሽ ሸለቆ መካከል በሚወርደው ተዳፋት ላይ የጥንት የሙስሊም ከተሞች ቆመው ነበር። አስባሪ፣ መሳልና ኖራ ለሳይንሱ ዓለም የታወቁት እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት ነው። የአካባቢው ሰው ግን ፍርስራሹን ጥንቱንም ያውቀዋል።

ዘመኑ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ነው። ወሊ አስማ እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት አፍርሶ ግዛቱን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1332 አፄ ዓምደ ጽዮን በይፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን ላይ ዘመቱ። ከተሞቹ ከባሕር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ ደጋ የሚወጣበትን በር ይጠብቁ ነበር።

የኖራን መስጊድ ሲያዩ የስግደቱን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ሚህራብ ልብ ይበሉ። መካ ከይፋት በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ሰጋጁም ፊቱን ወደዚያው ያዞራል። ግንበኛው ድንጋዩን ያገኘው ከዚያው ከተራራው ነው፤ የሩቅ ዕቃ አላስፈለገውም።

በዚያው በ14ኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው ዓረብ ጸሐፊ አል ዑመሪ የይፋትና የሌሎቹ የአካባቢው ሙስሊም አገሮች ከተሞች ቅጥር እንደሌላቸውና ግርማ እንደሚጎድላቸው ገልጿል። አገሩን ራሱ አላየም፤ ከዘይላው ሸኽ አብደላህ የሰማውን ነው የጻፈው። ፍርስራሹን ያየ ሰው፣ ቢያንስ ስለ ግርማው፣ አይስማማም።

ቦታውን የሚጎበኙ ከሆነ ከግድግዳው ላይ አይውጡ፣ ድንጋይም አያንሱ።