ጸሐፊውና አስጻፊው

አጼ ምኒልክ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአዲስ መዲናነት ያስጀመሩት የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት፣ ሐሳቡ ሲለወጥ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በእንዲህ ያሉ አድባራት የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ሲያበቁ ጸሐፊውም አስጻፊውም በጸሎት እንዲታሰቡ ይለምናሉ። የፍየል ቆዳውን የገዛ፣ ቀለብ የሰፈረ ሰው አይረሳም። በአምቦ መንገድ ዳር ባለ ጽሕፈት ቤት ዛሬ የሠርግ ካርድ የሚተይብ ወጣት ግን የኮምፒውተሩን ፊደል ማን እንዳስጻፈው የሚነግረው የለም።

መጀመሪያ አስጻፊዎቹ ነጋዴዎች ነበሩ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይል ነበር። ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን የተጠቀመ ያውቀዋል።

ነጻው መንገድ የተጠረገው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ቁልፎች የሚወክል ሥርዓት አበጁ። ያንን የተቀበለው ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ነው፤ በመንግሥት የምርምር ተቋም ተቀጥሮ ኢማክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ግዕዝን እንዲያነብና እንዲጽፍ አደረገ። ኢማክስ የጽሑፍ ማረሚያ ቢባልም በሆዱ ሊስፕ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ማስፈጸሚያ አለው። በ1997 የወጣው 20ኛው እትም ግዕዝን ይዞ መጣ፤ የሰላምታ ፋይሉም ዛሬ ድረስ «ሠላም» ይላል። እንግዲህ ከቀደምት አስጻፊዎቻችን አንዱ የጃፓን ግብር ከፋይ ነው! ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው ከዚያ በኋላ፣ በ1999 ነው።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ጊዶ ቫን ሮሰም በኔዘርላንድስ የሒሳብና የኮምፒውተር ምርምር ተቋም ደመወዝተኛ ሳለ ነው። በ2001 የተቋቋመው የፓይተን ፋውንዴሽን በስፖንሰርና በጉባኤ ገቢ ይተዳደራል፤ በ2021 የቋንቋውን ጥገና የሙሉ ጊዜ ሥራው የሚያደርግ ሰው ሲቀጥር ገንዘቡ ከጉግል መጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3 በእንግሊዝኛ ያልሆነ ስያሜ ስለፈቀደ «የቀን_ገቢ» ብሎ መሰየም ይቻላል። ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ እንደሆኑ ቀሩ።

በምዕራብ ሸዋ መሥሪያ ቤቶች የሚጻፈው ቁቤ፣ የኦሮምኛው ፊደል፣ ላቲን በመሆኑ ከዚህ የፊደል ጣጣ አብዛኛውን ዘሎታል፤ በቃል መካከል የሚገባውን የሁዻ ምልክት (') ቃል መክፈያ አድርጎ የሚቆጥር ፕሮግራም ግን አሁንም አይጠፋም።

በ2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጠቃሚ ያበዛልናል። አስጻፊ የመሆን ነገር ግን ገና አልተነሣም። በእኔ እይታ ጅምሩ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በየዩኒቨርሲቲው የተመራቂዎች ፕሮጀክት ከመመዘኛው ማግስት መደርደሪያ ላይ ከሚቀር፣ ነባር ሥራ መጠገን ቢሆን ይሻላል። ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል ቋንቋ የጻፈው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሞጁል ኮዱ ክፍት ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍተሻውን ከጳጉሜን ቢጀምር ይበጀዋል፤ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ስለምትሆን የስሌት ስህተት እዚያ መደበቅ ይወዳል።