ርችት እና እንስሳት፦ የበዓል ድምፅ ሊገደብ ይገባል?

ኒምራ ታላታ በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ ከሚገኙ ሰፈሮች አንዱ ነው። ስያሜው በጁባ አረብኛ 'ቁጥር ሦስት' ማለት ነው። በዚህች ከተማ የሌሊት ፍንዳታ የሚያስታውሰው በዓልን ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 2013 እና ሐምሌ 2016 በከተማዋ የተካሄዱት ውጊያዎች ከነዋሪዎቿ አእምሮ አልጠፉም። በጨለማ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ የርችት ይሁን የጥይት መለየትም ቀላል አይደለም።

በዚህም ምክንያት የደቡብ ሱዳን ፖሊስ በገናና በአዲስ ዓመት ሰሞን ርችትንና የደስታ ተኩስን የሚከለክሉ ማሳሰቢያዎችን በተለያዩ ጊዜያት አውጥቷል። በአዲስ አበባም ፖሊስ በዓላት ሲቃረቡ ርችት መተኮስ እንደማይፈቀድ ያስጠነቀቀባቸው ዓመታት አሉ። የእነዚህ ክልከላዎች መነሻ የሰዎች ደኅንነት ነው። በሌሎች የዓለም ክፍሎች ግን ክርክሩ ሌላ ጥያቄ ጨምሯል፤ ድንጋጤያቸውን በቃል መናገር የማይችሉት እንስሳትስ?

እንስሳት ለምን ይደነግጣሉ?

የሰው ጆሮ መስማት የሚችለው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ነው። ውሻ እስከ 45 ሺህ፣ ድመት ደግሞ ከ60 ሺህ ኸርዝ በላይ ይሰማሉ። ሰው ርችቱ ለምን እንደሚተኮስና መቼ እንደሚያበቃ ያውቃል። ለእንስሳት ግን ፍንዳታው ያለማስጠንቀቂያ የመጣ አደጋ ነው። ይንቀጠቀጣሉ፣ ይደበቃሉ፣ አጥር ዘለው ይሸሻሉ። ሲሸሹም በመኪና የሚገጩና የሚጠፉ አሉ። የብሪታኒያው የእንስሳት ተንከባካቢ ተቋም አርኤስፒሲኤ በአገሪቱ ካሉ ውሾች 45 በመቶ የሚሆኑት ርችት ሲሰሙ የፍርሃት ምልክት እንደሚያሳዩ ይገልጻል።

በሰማይ የታየው ማስረጃ

በዱር አእዋፍ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግልጽ የታየው በኔዘርላንድስ ነው። ተመራማሪዎች ለአየር ትንበያ በሚያገለግሉ ራዳሮች አማካኝነት በአዲስ ዓመት ዋዜማ እኩለ ሌሊት ላይ አእዋፍ በብዛት ከማረፊያቸው ተነስተው ወደ 500 ሜትር ከፍታ እንደሚወጡ ደርሰውበታል። በ2023 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ ርችት በሚተኮስባቸው ቦታዎች አቅራቢያ የሚበርሩት ወፎች ቁጥር ከሌላው ሌሊት እስከ አንድ ሺህ እጥፍ እንደሚጨምር፣ ውጤቱም እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ እንደሚታይ አመልክቷል።

ጉዳቱ በአንድ ሌሊት ላያበቃ ይችላል። መከታተያ መሣሪያ የተገጠመላቸው የዱር ዝይዎች በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ርቀው መብረራቸው፣ በቀጣዮቹ ቀናትም ያጡትን ጉልበት ለመተካት ከወትሮው የበለጠ መመገባቸው ተመዝግቧል። በአሜሪካዋ አርካንሳስ ግዛት በምትገኘው ቢቢ ከተማ በ2010 የመጨረሻ ሌሊት ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ሞተው የወደቁ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ምክንያቱ በርችት ተደናግጠው በጨለማ ከቤቶችና ከዛፎች ጋር መጋጨታቸው እንደሆነ አስረድተዋል።

አገራት ምን አደረጉ?

ሁሉም አገራት አንድ መንገድ አልተከተሉም። የኢኳዶር ግዛት የሆኑት የጋላፓጎስ ደሴቶች በ2018 ድምፅ ያላቸውን ርችቶች ሲያግዱ፣ ብርሃን ብቻ የሚሰጡትን ፈቅደዋል። የጣልያኗ ኮሌኪዮ ከተማ ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው ርችቶች ብቻ እንዲተኮሱ ወስናለች። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በዲዋሊ በዓል ርችት የሚተኮስበትን ጊዜ በሁለት ሰዓት ገድቧል፤ የዚያ ውሳኔ ዋና ምክንያት ግን የአየር ብክለት ነበር።

በእንግሊዝና በዌልስ ከተወሰኑ በዓላት በስተቀር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ርችት መተኮስ ክልክል ነው። ለሕዝብ የሚሸጡ ርችቶችም ከ120 ዴሲቤል በላይ እንዳይጮኹ ሕጉ ያስገድዳል። አርኤስፒሲኤ ይህ ጣሪያ ወደ 90 ዝቅ እንዲል ይጠይቃል።

የተቃዋሚዎች ሐሳብ

ገደቡን የሚቃወሙ ወገኖች ርችት የቆየ የበዓል ባህልና የብዙዎች መተዳደሪያ መሆኑን ያነሳሉ። ፈጽሞ ከተከለከለ ሽያጩ ወደ ድብቅ ገበያ ሊዞር፣ ጥራቱ ያልተረጋገጠ ምርትም አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። በዓመት አንድ ሌሊት ብቻ የሚደረግ ነገር ይህን ያህል ሊያሳስብ አይገባም የሚሉም አሉ።

'ድምፅ አልባ' የሚባሉት ርችቶችም ሙሉ መፍትሔ አይደሉም። ኃይለኛ ፍንዳታ የሚፈጥረው ባሩድ ስለሚቀነስላቸው ጩኸታቸው ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም። ብርሃናቸውና ጭሳቸውም እንዳለ ነው።

ለጁባ እና ለአካባቢዋ

ጁባ በነጭ አባይ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ ጭልፊቶችና አባ ኮዳዎች ከሰው ጋር የሚኖሩባት ከተማ ናት። ወንዙ ወደ ሰሜን ሲፈስ በ2006 ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረጋማ ሥፍራ ተብሎ የተመዘገበውን ሱድን ያገኛል። ከመዲናዋ ብዙም በማይርቀው የባንዲንጊሎ ብሔራዊ ፓርክና በአካባቢው ስድስት ሚሊዮን ገደማ የዱር አጋዘኖች እንደሚሰደዱ በ2024 ይፋ የሆነ ቆጠራ አሳይቷል። የከተማ ርችት እነዚህ መንጋዎች ዘንድ አይደርስም። ጥያቄው የሚመለከተው በከተማዋ ዛፎች ላይ የሚያድሩትን አእዋፍ፣ በየግቢው ያሉትን ውሾችና ፍየሎች ነው።

በጁባ የሰውና የእንስሳት ጥቅም የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። ጦርነትን ያስታወሰው ነዋሪና ከአጥር ሥር የተደበቀው ውሻ የሚደነግጡት በአንድ ፍንዳታ ነው። ለሰዎች ሲባል የተጣለ ገደብ ለእንስሳቱም እፎይታ ይሆናል።

ገደብ በሌለበት ቦታ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሞች ቀላል ምክር አላቸው። እንስሳውን ከመምሸቱ በፊት ወደ ቤት ማስገባት፣ በርና መስኮት መዝጋት፣ የሚደበቅበት ጥግ ማዘጋጀት፣ ስለፈራም አለመቅጣት ይጠቅማል። ውሻን በሰንሰለት አስሮ ደጅ መተው ግን አይመከርም፤ ለመሸሽ ሲታገል ራሱን ሊጎዳ ይችላል።