ቁጥሩ አለ፤ ሰውዬውስ?

«ሲስተሙ ላይ አለ» ሲሉን አምነን እንሄዳለን። ሲስተሙ ያረጋገጠው ግን ምኑን ነው? መልሱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደናል።

እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ተመራማሪ የነበሩት ትውልደ እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀት ሐሳባቸውን አሳተሙ። «ፎሪን ኪይ» የሚባለው ነገር እዚያው ጽሑፍ ላይ አለ። ነገሩ ቀላል ነው። የባንክ ሒሳብ ሠንጠረዥ ላይ «ደንበኛ ቁጥር 57» ከተባለ፣ የደንበኞች ሠንጠረዥ ላይ 57 የግድ መኖር አለበት። ከሌለ ዳታቤዙ አይመዘግብም። ባለቤት የሌለው ሒሳብ እንዳይፈጠር በር ላይ ዘበኛ ቆመ ማለት ነው።

ዘበኛው ግን ቶሎ ሥራ አልጀመረም። ደንቡ የኤስኪውኤል መስፈርት ውስጥ የገባው በ1989 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን፣ ብዙ ድረ ገጾች የተሠሩበት ማይኤስኪውኤል፣ ማይአይሳም በተባለው የቀድሞ አሠራሩ፣ ትእዛዙን ዝም ብሎ ይቀበልና አይፈጽመውም ነበር። ባለሙያው ዘበኛ የቀጠረ ይመስለዋል፤ በሩ ላይ ግን ማንም የለም። ደንቡን የሚያስከብረው ኢኖዲቢ ቀዳሚ ምርጫ የሆነው በ2010 ነው።

ዘበኛው ነቅቶ ቢጠብቅ እንኳ ሁለት ነገር አይችልም። አንደኛ፣ መኖርን እንጂ እውነትን አያይም። ሠራተኛው 57 ሊጽፍ አስቦ 75 ቢጽፍ፣ 75 የሚባል ደንበኛ እስካለ ድረስ ያሳልፈዋል። ሁለተኛ፣ ከራሱ ዳታቤዝ አጥር አይወጣም። ሌላ መሥሪያ ቤት ያለ መዝገብ ቢታረም ወይም ቢሰረዝ አያውቅም።

ይህ ጉዳይ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የፋይዳ ቁጥር ከባንክ ሒሳብና ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር እየተሳሰረ ነው። መታወቂያው አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የተለያዩ ተቋማትን መዝገብ የሚያስተሳስር ፎሪን ኪይ የለም። ማጣራቱ የሚሆነው አንዱ ሌላውን በጠየቀበት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ መዝገቦች እንዲስማሙ የሚያደርገው አሠራርና ሕግ እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ስለዚህ ተቋማቱን «ቁጥሩ ተሳስሯል ወይ?» ብለን ብቻ አንለፋቸው። ስሜ በአንዱ መዝገብ ሲታረም ሌላው በስንት ቀን ያርማል? ቁጥሬ በስህተት ሌላ ሰው ሒሳብ ላይ ቢገባ ማንን ልክሰስ? ዜጋው ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተተው ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ሲጠፋ ነው።