ፈንግል ከየት መጣ? ለምንስ እስካሁን አልሄደም?

  

በቀደም ከግሽ አባይ ዙሪያ አንዲት እናት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ማታ ሰባት ዶሮዎች ደህና ሆነው ቆጥ ላይ ወጥተው ነበር። ጠዋት ብነሳ አራቱ ወድቀው አገኘኋቸው። የቀሩትም አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ምን አጥፍቼ ነው?" አሉኝ።

ማድረግ ያለባቸውን ነገርኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያቺ "ምን አጥፍቼ ነው?" ያሏት ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለች። አንዳንዱ "ዓይን ነው" ይላል፣ ሌላው "ቁጣ ነው" ይላል፣ አብዛኛው ደግሞ "ፈንግል ድሮም ያለ ነው፣ ምን ይደረጋል" ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ዛሬ ስለ መኖ ወይም ስለ ማዳበሪያ ሳይሆን የዚህን በሽታ ታሪክ ላጫውታችሁ ፈለግሁ። ታሪኩን ያወቀ ሰው ራሱን በከንቱ አይወቅስም፤ እጁን አጣጥፎም አይቀመጥም።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ልጅ ሆኜ፣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የእናቴ ዶሮዎች ታመሙ። የእኔ ደብተር፣ የቤቱ ጨውና ጋዝ ሁሉ ከእንቁላሉ ብር ነበር የሚገዛው። ሦስቱ ከሞቱ በኋላ እናቴ "የቀሩት ሳይሞቱ ይሸጡ" አለችኝ። እኔም ገና የቆሙትን አራት ዶሮዎች እግራቸውን አስሬ፣ ቁልቁል አንጠልጥዬ ገበያ ወሰድኳቸው። ሸጥኳቸው። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። የገዙኝ ሰዎች ግን ለበዓሉ ሊያቆዩዋቸው ከቤታቸው ዶሮ ጋር እንደሚቀላቅሏቸው አላሰብኩም።

ኮሌጅ ገብቼ ስለ በሽታው መተላለፊያ ስንማር ነው ያ ገበያ ትዝ ያለኝ። ፈንግል በራሱ እግር ያን ያህል ሩቅ አይሄድም፤ ከመንደር መንደር የሚያዞረው ሰው ነው። የዚያን ቀን ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስሙና አመጣጡ

"ፈንግል" የሚለው ስም ሥራውን ይናገራል፤ ፈንግሎ ይጥላል። በሳይንስ ግን ኒውካስል ይባላል። ኒውካስል በእንግሊዝ ሀገር ያለች የወደብ ከተማ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ በምትባል ደሴት ዶሮዎች በማይታወቅ በሽታ በጅምላ አለቁ። በዚያው ዓመት ከጃቫ እጅግ ርቃ በምትገኘው በኒውካስል አካባቢም ዶሮዎች በተመሳሳይ መንገድ አለቁ። ዶይል የሚባል የእንግሊዝ ተመራማሪ በሽታውን መርምሮ፣ ከዚያ በፊት ከሚታወቁት የዶሮ በሽታዎች የተለየ መሆኑን በ1927 ጻፈ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ በዓይን ቀርቶ በተራ ማጉያ መነጽር እንኳ የማይታይ ጥቃቅን ነገር ማለት ነው። ዶይል ስሙን ለጊዜው ብሎ ነበር በከተማዋ የሰየመው፤ ግን እንደወጣ ቀረ። ህንዶች ደግሞ በራሳቸው ከተማ ስም ራኒኬት ይሉታል። እኛ ፈንግል አልነው። ሁሉም ያው አንድ በሽታ ነው።

ከጃቫ እንግሊዝ በምን ደረሰ? በመርከብ ከተጫነ ዶሮ ወይም ሥጋ ጋር ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል። አያችሁ? ያኔም ቢሆን ያጓጓዘው ሰው ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ፣ በሽታው ተመርምሮ የተመዘገበው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታየው ያኔ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችው በአስመራ ነው፤ ከዚያ ወደ መሀል ሀገር ገባ። የውጭ ዝርያ ዶሮዎች በብዛት በአንድ ግቢ መርባት የጀመሩበት ዘመን ነበር።

እና "ድሮም ያለ ነው" የምትሉ አባቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ድሮ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አባይ ከኛ ጓሮ ተነስቶ ሱዳንና ግብጽ ይደርሳል። ፈንግል ግን ተቃራኒ ነው፤ ከሩቅ ተነስቶ የኛ ጓሮ የገባ ነው። መምጫ ያለው ነገር ደግሞ መከልከያ ይኖረዋል።

መድኃኒቱ ለምን አይሠራም?

ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አረቄ የማያጠጣ ቤት የለም። አሁን አሁን ደግሞ ለሰው የሚሰጠውን ካፕሱል ፈትቶ በውሃ በጥብጦ መስጠት ተለምዷል። ካፕሱሉ አንቲባዮቲክ ነው፤ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። ቫይረስን አይነካውም። ፈንግል ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን በዓለም ላይ የለም። ከአስር ዶሮ አንዷ በራሷ አቅም ስትተርፍ ግን ምስጋናው ለአረቄው ይሆናል!

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ዶሮዋ ትደበታለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ ክንፏን ትጥላለች፣ አንዳንዷ አንገቷ ይጠማዘዛል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳያሳይ ሌሊቱን ይገድላል። ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ አብዛኛውን፣ አልፎም ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። በሌላ በሽታ የምትሞትም ዶሮ አለች፤ ከነዚያ ውስጥ በመድኃኒት የሚድን አለ። ስለዚህ በግምት ከማከም የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይሻላል።

ክትባቱ ከተገኘ ቆይቷል

አሁን የሚያስቆጨኝን ልንገራችሁ። የፈንግል ክትባት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ባለሙያ ሲጠራው የምትሰሙት ላሶታ የሚባለው ክትባት ስሙን ያገኘው፣ ቫይረሱ በ1946 ከተወሰደበት ዶሮ አርቢ ገበሬ ነው። የላሶታ ስም ይኸው ዛሬ ግሽ አባይ ድረስ ይጠራል። በኛም ሀገር በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል።

ታዲያ የእናቴ ዶሮዎች ለምን አለቁ?

ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የድሮው ክትባት ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ሙቀትና ፀሐይ ካገኘው ይሞታል፤ የሞተ ክትባት ደግሞ ውሃ ማለት ነው። ከቢሾፍቱ ተነስቶ፣ ባህር ዳር ደርሶ፣ ማቀዝቀዣ ወደሌለበት ቀበሌ በእግር እስኪገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሁለተኛ፣ ክትባቱ የተሠራው ለትልልቅ እርባታ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። አምስትና ስድስት ዶሮ ላላት እናት ብሎ ያን ብልቃጥ ማን ይከፍታል?

መጀመሪያ የቅዝቃዜው ነገር መላ ተገኘለት። ስፕራድብሮው የሚባሉ የአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቅና ባልደረቦቻቸው፣ ለገጠር ዶሮ ብለው ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ፈለጉ። ያገኙት አይ-ቱ ይባላል። ከዘሩ ትርፍ አልፈለጉበትም፤ ለድሃ ሀገራት ላቦራቶሪዎች በነጻ ሰጡ። ክትባቱ አንድ ጠብታ ዓይን ላይ ነው፤ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። በሞዛምቢክና በታንዛኒያ የሰለጠኑ የመንደር ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰጡታል። የኛው የቢሾፍቱ ኢንስቲትዩትም ያመርተዋል። ይቋቋማል ሲባል ግን ፀሐይ ላይ ይጣል ማለት አይደለም፤ በጥላና በቀዝቃዛ ቦታ መያዝ አለበት።

የከብቶቹን ታሪክ አስታውሱ

"ይሄ ሁሉ ወሬ ነው፣ በሽታ በጠብታ አይጠፋም" የሚል ካለ፣ የአያቶቻችንን ክፉ ቀን ላስታውሰው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ገባ። የሀገሩ ከብት አለቀ። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ረሀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡን ፈጀው።

ያ በሽታ ዛሬ የት አለ? በዓለም ላይ የለም። በ2003 ዓ.ም. ጠፍቷል ተብሎ በይፋ ታወጀ። ኬንያ ውስጥ ፕላውራይት የሚባሉ ሐኪም ጥሩ ክትባት ሠሩ፤ የእሱም ችግር ቅዝቃዜ ነበር። በኋላ ሙቀት የሚቋቋመው ዓይነት ሲመጣ፣ በአፋር በረሃ ከአርብቶ አደሩ ከራሱ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሰልጥነው ከብቱን ከተቡ። በሀገራችን የመጨረሻው የደስታ በሽታ የታየው በ1988 ዓ.ም. እዚያው አፋር ነው። መኪና በማይገባበት ሀገር ሥራውን የጨረሱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

ፈንግል እንደ ደስታ በሽታ ከዓለም በቀላሉ አይጠፋም፤ የዱር ወፎችም ይሸከሙታል። ከናንተ ጓሮ ማራቅ ግን ይቻላል። ታዲያ ለከብቱ የተደረገው ለዶሮዋ ለምን ዘገየ? እንደኔ ዶሮን ስለናቅናት ነው። በሬ የሞተበትን ሰው "እግዜር ይተካ" ብለን ቤቱ ድረስ ሄደን እንጠይቃለን። ሰባት ዶሮ ያለቀባትን እናት ማን ጠየቃት? የልጅ ደብተርና የቤት ጨው የሚገዛው ግን በዚያች ዶሮ ነው።

የቀረው የኛ ነው

የብልቃጡን ችግር የአውስትራሊያ ሊቅ አይፈታልንም። እሱ የሚፈታው እንደ ደቦ በመሰባሰብ ነው። እንዲህ አድርጉ፦

• አስራ አምስት፣ ሃያ ቤት ሆናችሁ ዶሯችሁን ቁጠሩ። ቁጥሩን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለኛ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች አምጡ። ያኔ ብልቃጡ ለመክፈት ያዋጣል።

• ክትባቱን ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ ማለዳ ሁላችሁም በአንድ ቀን አስከትቡ። የጎረቤት ዶሮ ሳይከተብ ከቀረ ግማሽ ሥራ ነው።

• የሚከተበው ጤነኛ ዶሮ ብቻ ነው። ክትባቱ አቅም እስኪሰጥ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባና ገበያው ከሚደራበት ከበዓል ሰሞን ቀድማችሁ ጨርሱ። በየሦስት አራት ወሩ ድገሙት።

• ከገበያ የመጣች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቀመጥ። በሽታው ያለባት ከሆነች እስከዚያ ይታያል።

• ዶሮ መሞት ከጀመረ የቆሙትን ገበያ አትውሰዱ፣ ለዘመድም አትስጡ። የሞተውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ገደል ወይም ወንዝ ውስጥ አትጣሉ፣ ለውሻም አትስጡ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ቆጡን ጥረጉ፣ እጃችሁንና ጫማችሁን በሳሙና ታጠቡ። በጅምላ ከሞተ የወፍ ጉንፋንም ሊመስል ስለሚችል ቶሎ ለባለሙያ ንገሩ።

• ቤቱ ጸድቶ ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላው አዲስ ዶሮ አታስገቡ።

አምስተኛዋ ነገር "ገበያ አትውሰዱ" ላይ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አራት ዶሮ ቀብሮ ባዶ እጅ መግባት ያማል፣ እናቴ ለምን እንደላከችኝም ይገባኛል። ግን የዛሬ አራት ዶሮ ዋጋ ነገ የሰፈሩ ሁሉ ዶሮ ነው። ያ ሰፈር ደግሞ ዞሮ ዞሮ የናንተው ነው፤ ቀጣዩን ቄብ የምትገዙት ከዚያው ገበያ ነውና።

ያቺ የደወሉልኝ እናት አንድ ዶሮ ብቻ ተርፋላቸዋለች። በሦስተኛው ቀን መልሰው ደወሉና "ልጄ፣ ጎረቤቶቼን አነጋገርኩ። አስራ አንድ ቤት ሆነናል፣ ስንት ይበቃል?" አሉኝ። "ዶሮውን ቁጠሩት እናቴ፣ እኔ ደግሞ ብልቃጡን እጠይቃለሁ" አልኳቸው። ምን አጥፍቼ ነው የሚለውን ጥያቄ ዳግመኛ አላነሱትም።

እናንተስ ሰፈር ስንት ዶሮ አለ? ቆጥራችሁ ጻፉልኝ። ጽሑፉን ስልክ ለሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ፣ በተለይ ለእናቶች፣ አንብቡላቸው። መልካም ሳምንት!