ደካማነቱ ያኖረው ሰንጢ

እንግሊዝ አገር ውስጥ ስለት ይዞ አደባባይ መውጣትን የሚመለከት አንድ አንቀጽ አለ። በ1988 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ፣ አንቀጽ 139። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንቀጹ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ያለ በቂ ምክንያት ስለት ወይም ሹል ነገር ይዞ በሕዝብ ቦታ መገኘት ወንጀል ነው፤ የሚታጠፍ የኪስ ሰንጢ ግን፣ የሚቆርጠው አፉ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ይፈቀዳል። በ1993 ደግሞ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ጨመረ። ሲከፈት የሚቆለፍ ሰንጢ፣ የቱንም ያህል ቢያጥር፣ በዚህ ሕግ «የሚታጠፍ ሰንጢ» አይባልም። ቁልፍ መጫን ሳያስፈልግ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ በእጅ ግፊት ብቻ መታጠፍ አለበት።

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር። የጃፓን የጦር መሣሪያና የሰይፍ ሕግ ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ቢላዋን ያለ በቂ ምክንያት መያዝን ይከለክላል። ለሚታጠፍ ሰንጢ ግን የተለየ በር ይከፍትለታል፦ ርዝመቱ ከ8 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፤ የተከፈተውን ስለት አጥብቆ የሚይዝ መቆለፊያም እንዳይኖረው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ሶፍትዌር መጻፍ። እነዚህን ሁለት ሕጎች ሳነባቸው የፋብሪካ የዕቃ መግለጫ ነው የመሰሉኝ። ያስገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ የመቆለፊያው ነገር ነው። መቆለፊያ እኮ ለደኅንነት ነው የተፈጠረው። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ በስህተት ከተገፋ የሚታጠፈው በራሱ ባለቤት ጣቶች ላይ ነው። ታዲያ ሁለት የተራራቁ አገሮች ለያዡ ይበልጥ አደገኛ የሆነውን ሰንጢ መርጠው «ይሄኛውን ያዙ» ያሉት ለምንድን ነው?

መልሱ ከሕጎቹ በፊት ባለው ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። ከአሠራሩ እንጀምር።

የሚታጠፍ ቢላዋ በጣም የቆየ ነገር ነው፤ ሮማውያንም ነበራቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስለቱ እጀታው ውስጥ ስለሚገባ ሌላ አፎት አያስፈልገውም፤ ኪስም ሰውም አይቆርጥም። ችግሩ ሲከፈት ነው። ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ ሰበቃ ብቻ ነበር፤ ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚያያዘው ሚስማር ጠበቅ ተደርጎ ይመታል፣ የቀረውን የያዡ እጅ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው መልስ ስፕሪንግ ነው፤ ጋራዥ ቤት «ሞላ» የሚሉት። በእጀታው ጀርባ በኩል አንድ ጠፍጣፋ ሞላ ይገባል፤ የስለቱን እግር ይጫነዋል። በጥፍራችሁ ስባችሁ ስትከፍቱት ትንሽ ይታገላችኋል፤ ከዚያ «ቀጭ» ብሎ ይቀመጣል። ግን አልተቆለፈም። መልሳችሁ ብትገፉት ይታጠፋል።

ይህ ባለ ሞላ ሰንጢ ትልቁን ስሙን ያገኘው በእንግሊዟ ሼፊልድ ነው። ከተማዋ የስለት ከተማ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ከኮረብታ የሚወርዱ ወንዞች የመሳያ ድንጋዮቹን የሚያሽከረክር ኃይል ሰጧት፤ ድንጋዩ ራሱም እዚያው አካባቢ ይወጣል። በ1624 የስለት ሠሪዎቹ ማኅበር በፓርላማ ሕግ ተቋቋመ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ሞላ ሰንጢ እዚያ መሠራት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላም በየመርከቡ ተጭኖ ዓለምን አዳረሰ። ርካሽነቱ ግን ዋጋ ነበረው። ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው ብረት የሚስሉት ሰዎች የድንጋይና የብረት ብናኝ ሲተነፍሱ ይውሉ ነበር፤ ብዙዎቹ ሳንባቸው ተጎድቶ ገና በወጣትነታቸው ሞቱ።

እንግሊዝኛ ይህንን ትንሽ ሰንጢ የሚጠራበት አንድ የቆየ ስም «የብዕር ቢላ» ማለት ነው። ሰው በላባ ይጽፍ በነበረበት ዘመን ላባውን የሚቀርጸው በዚህ ነበርና። የላባው ጫፍ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ጸሐፊ ሁሉ ስለት ያስፈልገው ነበር። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችንም የመቃ ብዕራቸውን የሚቀርጹት በስለት ነው። ብዕር ባለበት ሁሉ ቢላዋ አጠገቡ ነበር።

የመቆለፊያው ጥያቄ መልስ ማግኘት የሚጀምረው እዚህ ጋር ይመስለኛል። ላባ ለመቅረጽ ኃይል አያስፈልግም። ብርቱካን ለመላጥ፣ ሲባጎ ለመበጠስ፣ ደብዳቤ ለመክፈትም እንዲሁ። ለእነዚህ ሥራዎች ሞላው ከበቂ በላይ ነው። በአንጻሩ በኃይል ለመውጋት ብትሞክሩ፣ ያልተቆለፈ ስለት ተመልሶ የሚመጣው ወደ እናንተው ጣቶች ነው። ደካማነቱ ጉድለት አይደለም፤ የታሰበለት ሥራ መጠን ነው። ሕጎቹ በኋላ መጥተው በሴንቲ ሜትር የጻፉት፣ እጅ አስቀድሞ ያወቀውን ነው።

የጃፓኑ ታሪክ ይህንን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በ1876 መንግሥት ሳሙራዮች ሰይፍ ታጥቀው አደባባይ እንዳይወጡ ከለከለ። ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ሚኪ በምትባል የአንጥረኞች ከተማ አንድ ርካሽ ሰንጢ ተወለደ። ስሙ ሂጎኖካሚ፤ ትርጉሙ «የሂጎ ጌታ» ማለት ነው። ሂጎ በደቡብ ጃፓን የነበረ የጥንት ግዛት ነው። ስሙ የመሳፍንት ይሁን እንጂ ዕቃው የድሃ ነው፦ አንድ ስለት፣ ከታጠፈ ቆርቆሮ የተሠራ እጀታ፣ አንድ ሚስማር፤ በቃ። ሞላ እንኳ የለውም። ከስለቱ ጀርባ ወጣ ያለች አንዲት ትንሽ ምላስ አለችው። አውራ ጣታችሁ እሷን ሲጫን ስለቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ጣታችሁ ከተነሳ የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር የዚህ ሰንጢ መቆለፊያ የያዡ ጣት ነው። እንደ መሐንዲስ ስመለከተው፣ የዚህን ያህል ቀላል ሆኖ የሚሠራ ነገር ብዙ አላየሁም።

ሂጎኖካሚ የተማሪ ዕቃ ሆነ። የጃፓን ልጆች እርሳስ የሚቀርጹት በእሱ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ደግሞ ከቀርከሃ መጫወቻ ይሠሩበታል። ሚኪ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ሠሪዎች ነበሩ።

ከዚያ ጥቅምት 12 ቀን 1960 መጣ። የሶሻሊስት ፓርቲው ሊቀ መንበር ኢኔጂሮ አሳኑማ ቶኪዮ ሂቢያ አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ ቆመው ሲናገሩ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሮጦ ወጣና በሰይፍ ወጋቸው። ሞቱ። የቴሌቪዥን ካሜራ ነበረና አገሩ ሁሉ አየው። የተገደሉት በአጭር የሳሙራይ ሰይፍ ነው፤ በእርሳስ መቅረጫ ሰንጢ አይደለም። ግን ገዳዩ ልጅ ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄው ወዲያው «ልጆች እጅ ውስጥ ስለት ምን ይሠራል?» ሆነ። ስለትን ከልጆች እጅ የማራቅ ዘመቻ ተጀመረ። በዚያው ጊዜ የእርሳስ መቅረጫ ማሽን በየክፍሉና በየቤቱ እየገባ ነበር። ሁለቱ ተደምረው የሂጎኖካሚን ገበያ ገደሉት። ዛሬ ስሙን በሕግ የመጠቀም መብት ይዞ የቀረው፣ እዚያው ሚኪ ያለ አንድ ወርክሾፕ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሰንጢው አልተለወጠም። እንደ ድሮው ደካማ ነው፤ ዛሬም እንኳ ስለቱን አጥብቆ የሚይዝ መቆለፊያ የለውም። የጠፋው ምክንያቱ ነው። ሁለቱም ሕጎች «በቂ ምክንያት» ይላሉ አይደል? ላባው ሲቀር፣ እርሳሱ ማሽን ሲያገኝ፣ የሰንጢው በቂ ምክንያት አብሮ ሄደ። እኔ ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት በኪቦርድ ነው። ኪቦርድ አይቀረጽም።

ሦስተኛው ምሳሌ በተቃራኒው መንገድ የሄደው ነው። በ1890 ፈረንሳይ ሳቯ ተራሮች ውስጥ ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል ወጣት፣ የመጥረቢያና የማጭድ ሠሪ ልጅ፣ የእንጨት እጀታ ያለው አንድ ሰንጢ ሠራ። በ1897 ከ1 እስከ 12 ቁጥር በመጠን ደረደረው። የገበሬ ሰንጢ ነበር፦ ዳቦ፣ አይብ፣ ቋሊማ፣ እንጨት። እንጨትና ደረቅ ዳቦ ከላባ ይበልጣል፤ ኃይል ይፈልጋል። በ1955 ቤተሰቡ እጀታው አንገት ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ጨመረበት። ቀለበቱን ስታዞሩት ስለቱ ይቆለፋል። ጣት አዳኝ የሆነ፣ የሚያምር መፍትሔ ነው። ግን ያ ቀለበት እንግሊዝ ሲደርስ ሰንጢውን ከተፈቀደው ዝርዝር አወጣው። ታዋቂው ቁጥር 8 እንደዚያ ነው፤ ስለቱም 8.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በሁለት በኩል ይወድቃል። ቀለበት የሌላቸው ትንንሾቹ፣ ከ2 እስከ 5 ያሉት፣ አሁንም ያልፋሉ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ንድፍ፤ ልዩነቱ አንዲት የብረት ቀለበት ናት።

እኔ ቁጥር 5 ነው የምይዘው። ካርቶን እከፍትበታለሁ፣ የኬብል ማሰሪያ ፕላስቲክ እቆርጥበታለሁ፣ ብርቱካን እልጥበታለሁ። በየቀኑ የቆየ ዓይነት ሰንጢ ኪሳቸው የሚከቱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ፤ ሲገናኙ እንደ ፎቶ አልበም ያወጡና ይተያያሉ። የሚያሳዩት አዲስነቱን አይደለም። ብዙ ጊዜ ተስሎ የቀጠነ ስለት፣ ከአባት የተወረሰ የቀንድ እጀታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወዙን ነው። የማይዝግ ያልሆነው የድሮው ብረት ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ፖም በነካው ቁጥር ይጠቁራል፤ ግራጫና ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ጥቁረት ከቀዩ ዝገት በተወሰነ ደረጃ ይጠብቀዋል። ሰንጢው የበላችሁትን ሁሉ ይመዘግባል ማለት ነው። አንዱ የፖም፣ ሌላው የሽንኩርት ታሪክ አለው።

ይህን ሁሉ ብዬ ሕጎቹ ሞኝ ናቸው ማለቴ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ልጆች በልጆች እጅ በስለት ይሞታሉ፤ ልጇን ላጣች እናት ስለ ወዝ ማውራት አልችልም። አሳኑማም የሞቱት በእውነት ነው። አንድ ሕዝብ ፈርቶ ስለት ሰብስብ ሲል የሚፈራው ነገር አለው። የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ ሰይፉን እና እርሳስ መቅረጫውን በአንድ ቅርጫት ሲከት ነው። እነዚያ ደረቅ የሚመስሉ ሴንቲ ሜትሮች ጥሩ ጎናቸው ይህ ነው፦ ልዩነት ያያሉ። ረጅሙንና አጭሩን፣ የሚቆለፈውንና የማይቆለፈውን ይለያሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ መለኪያው የጥበቃው ዓይን ነው። ሕንፃ ስንገባ «ስለት ነገር አለ?» እንባላለን፤ ቁጥር 5ን አውጥቼ አስረክባለሁ፣ ስወጣ እቀበላለሁ። አንዱ ጥበቃ ከፍቶ ዘግቶ አይቶ «ይቺማ የብርቱካን ናት፤ ግባ ወንድሜ» ብሎ መልሶልኛል። ሌላው እንደ ጩቤ በሁለት ጣት ይዟት መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባታል። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። የመጀመሪያው ግን፣ ሳያውቀው፣ የእንግሊዙ ፍርድ ቤት በ1993 የጠየቀውን ጥያቄ ነው በእጁ የጠየቀው፦ ይታጠፋል ወይስ አይታጠፍም?

የእኔ ትውልድ እርሳስ የቀረጸው በግማሽ ምላጭ ነው። እጀታ የለው፣ አፎት የለው፣ ሞላ የለው። ጣታችን ተቆርጦ ተማርን እንጂ ማንም እንዴት እንደሚያዝ አላሳየንም። ስለዚህ ጃፓን ናጋኖ ውስጥ ስላለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳነብ ቀናሁ። እዚያ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች ዛሬም ሂጎኖካሚ ይሰጣቸዋል፤ እርሳሳቸውን ራሳቸው ይቀርጻሉ። አገሩ ሁሉ ስለቱን ከልጆች ባራቀበት ዘመን፣ አንድ ትምህርት ቤት ምክንያቱን መልሶ ሰጠው። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች አውራ ጣታቸውን በዚያች ምላስ ላይ ያደርጋሉ። ካነሱት እንደሚታጠፍ ያውቃሉ፤ ስለዚህ አያነሱትም።