የበጋ ቦርሳ
ጥጥ፤ በእጅ የተፈተለ፣ በኪሮሽ የተሠራ

ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሏል። ጠጋ ብለው ይዩት፤ ፈትሉ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል። የፈታይዋ ጣቶች የተዉት ምልክት ነው። በአገራችን የእጅ ፈትል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሸማኔ ሄዶ ነጠላ ወይም ጋቢ ይወጣዋል፤ ይህኛው ግን በአንዲት ኪሮሽ ጫፍ፣ ቀለበት ከቀለበት እየተሳበ ቦርሳ ሆነ።

ሥራው የሚጀምረው ከታች ነው። መቀመጫው ጥብቅ፣ ሆዱ እንደ መረብ ክፍት ነው፤ ባዶውን እፍኝ አይሞላም፣ ብርቱካን ሲገባበት ግን ይሰፋል። ጥጥ ከተሳበ በኋላ እንደ ሱፍ በቀላሉ አይሰበሰብም፤ ማንገቻው በጣም ጠበቅ ተደርጎ የተሠራውም ለዚህ ነው። የሠሪዋ ብልሃት ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጥጥ ሲርስ ይበልጥ ይጠነክራልና ቦርሳው እጥበት አይፈራም።