ፕራክሪቲ፦ የሰውነት ባሕርይና የትንፋሽ አቅም

ፕራክሪቲ የሳንስክሪት ቃል ነው። በሕንድ ጥንታዊ ሕክምና በአዩርቬዳ፣ ሰው ከፅንሱ ጀምሮ ይዞት የሚኖረውን አፈጣጠር ይሰይማል። በአማርኛ «የሰውነት ባሕርይ» ቢባል እመርጣለሁ። «ጠባይ» ብንለው አንባቢ አመል ይመስለዋል፤ «ባሕርይ» ግን ሊቃውንቶቻችን ነፋስን፣ እሳትን፣ ውሃንና መሬትን አራቱ ባሕርያተ ሥጋ ሲሉ የኖሩበት ነው። አዩርቬዳ በእነዚህ ላይ አካሻ የሚለውን ጠፈር አምስተኛ አድርጎ ይጨምራል።

ከአምስቱ ዶሻ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች ይገኛሉ፤ ባሕርዩም በሚያይለው ይጠራል። ነፋስና ጠፈር የሆነው ቫታ ያየለበት ሰው ቀጭን፣ ቆዳው ደረቅ፣ እንቅልፉ ቀላል ነው። እሳታማው ፒታ ሙቀት አይችልም፣ ቶሎ ይርበዋል። የውሃና የመሬቱ ካፋ ደረተ ሰፊ፣ ረጋ ያለ፣ ለውፍረት የቀረበ ነው። ብዙ ሰው ቅልቅል ነው።

እንደ ትምህርቱ አየር የሚስበው ፕራና የተባለው የቫታ ክፍል ሲሆን፣ የካፋ ዋና መቀመጫ ደግሞ ደረት ነው። ታዲያ ደረተ ሰፊው ብዙ አየር ይይዛል?

ይህ በስፓይሮሜትር ይለካል። ተመርማሪው አፍንጫው በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ቱቦውን በከንፈሩ ግጥም አድርጎ፣ ሳንባው እስኪሞላ ይስብና ባለ በሌለ ኃይሉ ይተነፍሳል፤ ባለሙያው አጠገቡ ቆሞ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ትንሽ ቀረህ!» ይለዋል። እስከ መጨረሻው የወጣው አየር የትንፋሽ አቅም ይባላል፤ በጤነኛ አዋቂ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሊትር ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን በ1846 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አቅሙ ከቁመት ጋር እንደሚያድግ አሳይቷል። ዕድሜና ፆታም ይወስኑታል።

ስለዚህ 1.85 ሜትር የሆነ የካፋ ሰው 1.60 ሜትር ከሆነ የቫታ ሰው ቢበልጥ፣ የበለጠው ቁመቱ ሊሆን ይችላል። ማወዳደር የሚገባው በቁመት፣ በዕድሜና በፆታ የተቀራረቡትን ነው። ውፍረቱ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፦ የሆድ ስብ ድያፍራም የተባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ እየገፋ ለሳንባ ቦታ ያሳጣዋል። ባሕርዩ ራሱ የሚለየው በጥያቄና በምልከታ በመሆኑ፣ ሁለት ሐኪሞች አንድን ሰው በተለያየ ባሕርይ ሊመድቡት ይችላሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉ የበሽታ መሸፈኛ እንዳይሆን ነው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት «ባሕርይሽ ነው» ተብላ መመለስ የለባትም። አስም፣ የሳንባ ነቀርሳም ሆነ የልብ ድካም ባሕርይ አይመርጡም፤ ምርመራ ያስፈልጋታል።